ከቂጥኝ እብደት እስከ አልማዝ ባለጭራ ክትባት

«ካረጁ አይበጁ» የሚለው አባባል በኢትዮጵያውያን ዘንድ ከአፍ የማይለይ ነው። አንድ ሽማግሌ የገዛ ልጃቸውን ስም ሲስቱ፣ አንዲት እናት አርባ ዓመት የኖሩበት ቤት መንገዱ ሲጠፋባቸው፣ ቤተሰቡም ጎረቤቱም «ጃጅተው ነው» ይልና ነገሩን በዚያው ይዘጋዋል። መጃጀት ከሽበትና ከጉብጠት ጋር አብሮ የሚመጣ የዕድሜ ዕዳ ነው እንጂ መነሻ ያለው፣ ምናልባትም ሊከላከሉት የሚቻል ሕመም ነው ተብሎ አይታሰብም።

ይህ አስተያየት የአንድ አገር ሕዝብ ብቻ አይደለም። የአውሮፓና የአሜሪካ የሕክምና ሊቃውንትም በእርጅና ዘመን የሚመጣውን የአእምሮ መድከም ለብዙ ዘመን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ሲያዩት ኖረዋል። ሆኖም በሕክምና ታሪክ ውስጥ የሰውን ልጅ የማስታወስና የማመዛዘን ኃይል የሚነጥቅ አንድ ከባድ ሕመም መነሻው ተላላፊ በሽታ መሆኑ በማያሻማ ሁኔታ የተረጋገጠበት፣ ከዚያም በመድኃኒት ኃይል ከሆስፒታል ክፍሎች ሊጠፋ የተቃረበበት ጊዜ ነበር። ይህ ታሪክ ለረጅም ዘመን ችላ ተብሎ ከቆየ በኋላ በቅርብ ዓመታት እንደገና ይነሳ ጀምሯል። ለዚህም ምክንያት ከሆኑት ነገሮች ዋናው ማንም ያልጠበቀው ነው፤ ይኸውም በዌልስ አገር አልማዝ ባለጭራን ለመከላከል የተሰጠ ክትባት ነው። የተላላፊ በሽታ፣ የክትባትና የመርሳት ሕመም ታሪክ እንዴት እንደ ተገናኘ፣ እስከ ምን ድረስ እንደ ተረጋገጠና ምን እንደ ጎደለው መመርመር ለጤና ባለሞያ ሁሉ ተገቢ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሻራንቶን ሕሙማን

በ1822 አንትዋን ሎራን ቤይል የተባሉ ወጣት ፈረንሳዊ ሐኪም በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው በሻራንቶን የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ የሞቱ ሰዎችን አስከሬን መርምረው አንድ አዲስ ነገር አስታወቁ። ሕሙማኑ መጀመሪያ ከመጠን ያለፈ ኩራትና የሀብት ቅዠት ይታይባቸዋል፤ ቀጥሎ ምላሳቸው ይተሳሰራል፤ እግራቸው ይከዳቸዋል፤ በመጨረሻም የሚያውቁትን ሁሉ ረስተው እንደ ሕፃን ሆነው ይሞታሉ። ቤይል በእነዚህ ሰዎች የአንጎል ሽፋን ላይ ቆይቶ የሰነበተ የመቆጣት ምልክት አገኙ። እብደት የነፍስ ሕመም ብቻ ነው ይባል በነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ የአእምሮ ሕመም በአካል ላይ የሚጨበጥ ምልክት እንዳለው አመልክቷልና።

ሕመሙ በኋላ የእብዶች አጠቃላይ ሽባነት ተባለ። በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ የአእምሮ ሆስፒታሎች ከተኙት መካከል ብዙዎቹ የዚህ ሕመም ሰለባዎች ነበሩ። መነሻው ግን አልታወቀም። አንዳንዱ ሐኪም መጠጥ ነው አለ፤ ሌላው የአእምሮ ድካምና የከተማ ኑሮ ጭንቀት ነው አለ። በ1857 ኤስማርክና የሰን የተባሉ ሐኪሞች ጉዳዩ ከቂጥኝ ጋር የተያያዘ መሆኑን ሲጽፉ የተቀበላቸው ጥቂት ሰው ነበር። ለዚህም ምክንያት አልታጣም። የቂጥኝ ቁስል ከወጣ በኋላ ይድናል፤ ሰውየው ያገባል፣ ይነግዳል፣ ይሾማል፤ እብደቱ የሚመጣው ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት፣ አንዳንዴም ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ይህን ያህል ዘመን አድፍጦ የሚቆይ ተላላፊ በሽታ አለ ብሎ ማመን ለዘመኑ ሐኪም ከባድ ነበር። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ፉርንዬ የሕሙማንን የቀድሞ ታሪክ በጥንቃቄ እየጠየቁና እየቈጠሩ ግንኙነቱን ቢያሳዩም፣ ቍጥር ብቻውን ተከራካሪዎቹን ጸጥ ሊያሰኝ አልቻለም።

ማስረጃው የተሟላው ደረጃ በደረጃ ነው። በ1905 ሻውዲንና ሆፍማን በበርሊን ከተማ የቂጥኝን ጀርም አገኙ። በ1906 ቫሰርማን በስማቸው የሚጠራውን የደም ምርመራ ከባልደረቦቻቸው ጋር አወጡ። በ1913 ደግሞ ኖጉቺና ሙር ኒው ዮርክ በሚገኘው በሮክፌለር ተቋም በዚህ ሕመም የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው ጀርሙን ራሱን በማይክሮስኮፕ አዩት። ከቤይል ጽሑፍ እስከዚህ ግኝት ድረስ 91 ዓመት አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክርክር አልቀረም፤ ጀርሙ ከአንጎል ውስጥ ታይቷልና።

ሕክምናው ግን ከማስረጃው በኋላ ወዲያው አልመጣም። በ1917 ዩሊየስ ቫግነር ያውሬግ የተባሉ የቪየና ሐኪም ወባ ከያዘው ወታደር ደም ወስደው ለእነዚህ ሕሙማን ሰጡ። ሐሳባቸው የወባው ትኩሳት የቂጥኙን ጀርም ያዳክመዋል፣ ወባውም በኩዊኒን ይድናል የሚል ነበር። ከሕሙማኑ አንዳንዶቹ ወደ አእምሯቸው ተመለሱ፤ በአንጻሩ በወባው የሞቱም ጥቂቶች አይደሉም። ለዚህ ሥራ በ1927 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በ1943 አሜሪካዊው ጆን ማሆኒና የሥራ ባልደረቦቻቸው ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን ካሳዩ በኋላ የወባው ሕክምና ቀስ በቀስ ቀረ፤ የአእምሮ ሆስፒታሎችን ሞልቶ የነበረውም ሕመም በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ብርቅ እስከ መሆን ደረሰ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ አንድ ተላላፊ በሽታ ከተያዙበት ቀን ብዙ ዓመት ቆይቶ አእምሮን ሊያፈርስ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ ግንኙነትን መጠርጠር ቀላል ቢሆንም መንስኤነትን ማረጋገጥ የብዙ ሰዎችን ዕድሜ የሚጠይቅ ሥራ መሆኑ ነው።

አልዛይመርና ሁለቱ መንገዶች

በዚያው ዘመን ቂጥኝ የሌለባቸው፣ ነገር ግን አእምሯቸው የሚደክም ሕሙማን ነበሩ። አሎይስ አልዛይመር ለዚህ ጥያቄ የደረሱት ራሱን የቂጥኙን እብደት ሲመረምሩ ነው። በ1904 ለመምህርነት ማዕርግ ያቀረቡት ጽሑፍ አጠቃላይ ሽባነት በአንጎል ሕዋሳት ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ የሚናገር ነበር። ስለዚህ በ1906 የፍራንክፈርቷ ሕመምተኛ ወይዘሮ አውጉስተ ዴተር ሲያርፉ አንጎላቸውን የመረመሩት የተላላፊ በሽታን ጠባሳ ጠንቅቀው በሚያውቁ ዓይኖች ነው። ወይዘሮዋ ሆስፒታል የገቡት በ1901 በ51 ዓመታቸው ሲሆን፣ የገዛ ስማቸውን መጻፍ እንኳ ይቸግራቸው ነበር። አልዛይመር በአንጎላቸው ውስጥ በሕዋሳቱ መካከል የተከማቸ እድፍና በሕዋሳቱ ውስጥ የተተበተበ ክር አገኙ፤ ግኝታቸውንም ኖቬምበር 3 ቀን 1906 በቱቢንገን ከተማ ለተሰበሰቡ ሐኪሞች አቀረቡ።

በሚቀጥለው ዓመት በፕራግ ከተማ የነበሩት ኦስካር ፊሸር የተባሉ ሐኪም በእርጅና የመርሳት ሕመም ከሞቱ 16 ሰዎች በ12ቱ አንጎል ውስጥ ያንኑ እድፍ አገኙ፤ በቂጥኝ እብደት በሞቱት ሰዎች አንጎል ግን አላዩትም። በዚህም ሁለቱ ሕመሞች የተለያዩ መሆናቸው ታወቀ። ፊሸር በ1942 የናዚ መንግሥት ባሰራቸው በቴሬዚን እስር ቤት ሞቱ፤ ስማቸውም ለብዙ ዘመን ተረሳ። የአልዛይመር ስም ግን ኤሚል ክሬፔሊን በ1910 በመማሪያ መጽሐፋቸው ውስጥ ስላስገቡት ጸንቶ ኖረ።

ከዚህ በኋላ ጥናቱ በሁለት መንገድ ተለያየ። ቂጥኝ የተላላፊ በሽታ ሐኪሞች ድርሻ ሆነ። የአልዛይመር ሕመም ደግሞ መጀመሪያ ከእርጅና በፊት የሚመጣ ብርቅ ነገር ተደርጎ ተቈጠረ፤ በ1976 ሮበርት ካትዝማን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በሽማግሌዎች ላይ የሚታየው መርሳትም በአብዛኛው ይኸው ሕመም መሆኑንና ከዋና ዋናዎቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ እንደ ሆነ ጻፉ። በ1984 ግሌነርና ዎንግ የእድፉን ዋና ክፍል፣ አሚሎይድ ቤታ የተባለውን ፕሮቲን፣ ለይተው ካወጡ ወዲህ ደግሞ የተመራማሪው ሁሉ ዓይን በዚህ ፕሮቲን ላይ ተተከለ። ፕሮቲኑ ለምን ይከማቻል የሚለውን ጥያቄ ከተላላፊ በሽታ ጋር አያይዘው ያነሱ ሰዎች የሚሰማቸው አላገኙም።

ተኝቶ የሚኖረው ቫይረስ

የቂጥኝ ጀርም ዓመታት አድፍጦ የመቆየቱ ነገር ብቸኛ ምሳሌ አይደለም። በልጅነት ጉድፍ ያልወጣበት ሰው በቀድሞው ዘመን ጥቂት ነበር። ጉድፉ በአንድ ሳምንት ወይም በሁለት ደርቆ ይወድቃል፤ ቫይረሱ ግን ከሰውነት አይወጣም። ብዙ አሥርተ ዓመታት ቆይቶ በደረት ወይም በፊት በአንድ ወገን ብቻ እንደ ቀበቶ ተስቦ የሚወጣው፣ እንደ እሳት የሚያቃጥለው አልማዝ ባለጭራ የዚያው ቫይረስ ሥራ ነው።

ይህን ለማወቅ የተደረገው ጉዞ ረጅም ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ያኖሽ ፎን ቦካይ የተባሉ የቡዳፔስት የሕፃናት ሐኪም አልማዝ ባለጭራ ከያዘው ትልቅ ሰው ጋር የኖሩ ልጆች ጉድፍ ሲወጣባቸው አስተውለው ጻፉ። በ1950ዎቹ አሜሪካዊው ቶማስ ዌለር ከሁለቱም በሽታዎች የተወሰደውን ቫይረስ በላቦራቶሪ አሳድገው አንድ መሆኑን አሳዩ። ከሁሉ የሚገርመው ግን የኤድጋር ሆፕ ሲምሰን ሥራ ነው። እኚህ ሰው ሳይረንሴስተር በምትባል አነስተኛ የእንግሊዝ ከተማ የሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪም ነበሩ። ትልቅ ላቦራቶሪ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው በጥንቃቄ የተያዘ የሕሙማን መዝገብ ነበር። በ16 ዓመት ውስጥ ያዩአቸውን 192 የአልማዝ ባለጭራ ሕሙማን መርምረው በ1965 ባወጡት ጽሑፍ ቫይረሱ በነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ተኝቶ እንደሚኖር፣ የሰውነት የመከላከል ኃይል በዕድሜ ሲደክም እንደሚነቃ አስረዱ። የኋለኞቹ ጥናቶች አረጋግጠውላቸዋል።

ለቫይረሱ ክትባት የተገኘው በጃፓን አገር ነው። በ1964 የዶክተር ሚቺያኪ ታካሃሺ ወንድ ልጅ በጉድፍ ክፉኛ ታመመ። አባትየው በልጃቸው ስቃይ ተነሳሥተው ቫይረሱን በላቦራቶሪ ደጋግመው በማራባት አዳከሙት፤ በ1974ም ከባልደረቦቻቸው ጋር ኦካ የተባለውን የክትባት ዝርያ ለዓለም አስታወቁ። ከዚሁ ዝርያ በብዙ እጥፍ የበረታ መጠን ያለው ክትባት ተዘጋጅቶ ከ38,000 በላይ በሆኑ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ አሜሪካውያን ላይ ተሞከረ። በ2005 የወጣው ውጤት ክትባቱ አልማዝ ባለጭራን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ። በ2017 ሕያው ቫይረስ የሌለበት፣ ከቫይረሱ አንድ ፕሮቲን ብቻ ተወስዶ የተሠራ፣ የመከላከል ኃይሉም ከ90 ከመቶ በላይ የሆነ አዲስ ክትባት ተፈቀደ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ መርሳት ሕመም ያሰበ ሰው ጥቂት ነበር፤ የክትባቱ ዓላማ ሽማግሌዎችን ከሕመምና ከስቃይ ማዳን ብቻ ነበር።

የማንቸስተር ተመራማሪዎች ጥያቄ

ሌላም የዚህ ቫይረስ ዘመድ አለ። ሕዝቡ ምች መታው ብሎ ዳማከሴ የሚያሸውለት የከንፈር ቁስል በብዛት የሚመጣው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ከተባለው ቫይረስ ነው። ይህም እንደ ጉድፉ ቫይረስ በነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። በ1991 የማንቸስተሯ ሳይንቲስት ሩት ኢትዝሃኪና ባልደረቦቻቸው የቫይረሱን የዘር ቅንጣት በሽማግሌዎች አንጎል ውስጥ አገኙ። በ1997 ደግሞ ቫይረሱ በአንጎሉ ውስጥ ያለበትና አፖኢ-4 የተባለውን የዘር ዓይነት የወረሰ ሰው ለአልዛይመር ሕመም ይበልጥ እንደሚጋለጥ ጻፉ። ሐሳባቸው ለብዙ ዓመታት ተቀባይ አላገኘም።

አመለካከቱን መለወጥ ከጀመሩት ነገሮች አንዱ በ2010 እና በ2016 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ነው። ሮበርት ሞየርና ሩዶልፍ ታንዚ ከባልደረቦቻቸው ጋር አሚሎይድ ቤታ ባክቴሪያንና ፈንገስን የመግደል ኃይል እንዳለው በላቦራቶሪና በእንስሳት አሳዩ። ይህ እውነት ከሆነ ለመቶ ዓመት እንደ ጥፋተኛ ሲታይ የኖረው ፕሮቲን ምናልባት መነሻው ዘበኛ ነው፤ ጀርም ሲመጣ አጥር ሊሠራ ይነሣል፤ አጥሩ ሲበዛ ግን ራሱን ቤቱን ያፈርሳል ማለት ነው። ይህ ገና ሐሳብ እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም።

የአንድ ቀን ልዩነት

በክትባትና በመርሳት ሕመም መካከል ግንኙነት መኖሩን ያመለከቱ ጥናቶች አዲስ አይደሉም። በ2001 በካናዳ የወጣ ጥናት የመንጋጋ ቆልፍና የዲፍቴሪያ፣ የፖሊዮና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የወሰዱ ሽማግሌዎች የአልዛይመር ሕመም እንደሚያንስባቸው ገልጾ ነበር። በ2019 የወጣ ጥናት ደግሞ ለፊኛ ካንሰር ሕክምና ቢሲጂ የተሰጣቸው ሰዎች ካልተሰጣቸው ይልቅ በአልዛይመር ሕመም እንደሚያዙት ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። በ2022 ከአሜሪካ በወጣ ሰፊ ጥናትም የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የወሰዱ ሰዎች በአራት ዓመት ውስጥ ለዚህ ሕመም የመጋለጣቸው ዕድል በ40 ከመቶ ያህል አንሶ ተገኝቷል።

የእነዚህ ሁሉ ጥናቶች ድካም አንድ ነው። ክትባት ፈልጎ ወደ ጤና ተቋም የሚሄድ ሽማግሌ በሌላም ነገር ሁሉ ራሱን የሚጠብቅ ነው፤ ይማራል፣ ይንቀሳቀሳል፣ የደም ግፊቱን ያስለካል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ መርሳት የጀመረው ሰው ቀጠሮውን ይረሳልና ክትባቱን ሳይወስድ ይቀራል። ስለዚህ ክትባቱ አእምሮን ጠበቀ ወይስ አእምሮው የተጠበቀለት ሰው ክትባቱን ወሰደ የሚለው አይለይም። የፉርንዬ ቍጥር በ19ኛው መቶ ዓመት ያጋጠመው ችግር ይኸው ነበር።

ዌልስ ይህን እንቅፋት ያለፈችው ሳታስበው ነው። መንግሥቱ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2013 የአልማዝ ባለጭራ ክትባት በነጻ መስጠት ሲጀምር፣ ክትባቱ ለሁሉ የማይዳረስ በመሆኑና በጣም ባረጁት ላይ ጥቅሙ አነስተኛ ነው ተብሎ ስለ ታመነ የዕድሜ ወሰን አበጀ። በሴፕቴምበር 2 ቀን 1933 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ሰው ቢያንስ ለአንድ ዓመት ክትባቱ ተፈቀደለት። ከዚያ ቀን በፊት የተወለደ ግን ለዘወትር ተከለከለ። እንግዲህ ከወሰኑ ጥቂት ቀናት ቀድመው የተወለዱትና ጥቂት ቀናት ዘግይተው የተወለዱት በትምህርትም፣ በኑሮም፣ በጤናም አይለያዩም። የሚለያዩት በክትባቱ ብቻ ነው። ዕጣ ተጥሎ ሰዎች በሁለት የተከፈሉ ያህል ሆነ።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በፓስካል ጌልድሴትዘር የሚመራው ቡድን የ280,000 ያህል ሰዎችን መዝገብ መርምሮ ውጤቱን በኤፕሪል 2025 አወጣ። ከወሰኑ በፊት ከተወለዱት ክትባቱን የወሰደ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ከወሰኑ በኋላ ከተወለዱት ግን ግማሽ ያህሉ ወስደዋል። ክትባቱን በመውሰዳቸው ምክንያት በሰባት ዓመት ውስጥ ከመቶ ሰው 3.5 ያህሉ ከመርሳት ሕመም ተርፈዋል፤ ይህም ሊታመሙ ከነበሩት አምስት ሰዎች አንዱ ማለት ነው። ጥቅሙ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ጎልቶ ታየ። ተመራማሪዎቹ በእንግሊዝና በዌልስ የሞት ምስክር ወረቀቶች ላይ ተመሳሳይ ምርመራ ሲያደርጉም ወደዚያው ውጤት ደረሱ። በዚያው ወር የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አውስትራሊያ በኖቬምበር 2016 ካወጣችው ተመሳሳይ የዕድሜ ወሰን ተነሥቶ በሰባት ዓመት ከአምስት ወር ያህል ጊዜ ውስጥ ከመቶ ሰው በ1.8 ያነሰ የመርሳት ሕመም አገኘ። ሁለት አገሮች፣ ሁለት የተለያዩ መዝገቦች፣ አንድ አቅጣጫ ነው።

የጎደለው ማስረጃ

ይህ ሁሉ ሲታይ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን አላለቀም። በመጀመሪያ፣ ክትባቱ አእምሮን የሚጠብቀው በምን መንገድ እንደ ሆነ አልታወቀም። ቫይረሱ ሲነቃ የአንጎልን የደም ሥሮች እንደሚያስቆጣና ለአንጎል ምት እንደሚያጋልጥ ይታወቃል፤ ክትባቱ ይህን መከላከሉ አንዱ መንገድ ሊሆን ይችላል። የጉድፉ ቫይረስ መንቃት ተኝቶ የነበረውን ሄርፒስ ሲምፕሌክስ እንደሚቀሰቅስ በ2022 በላቦራቶሪ በታየው መሠረት ሁለተኛ መንገድ ይታሰባል። ሦስተኛው ክትባቱ ከቫይረሱ ጋር ሳይገናኝ የደከመውን የመከላከል ኃይል በጠቅላላ ያነቃዋል የሚለው ነው። እስከዚህ ድረስ ከሦስቱ አንዱም የ1913ቱን የኖጉቺና የሙርን ዓይነት ማስረጃ አላገኘም።

ሁለተኛ፣ ሐሳቡን በቀጥታ ለመፈተን የተደረገ አንድ ሙከራ አልሰመረም። የአልዛይመር ሕመም ለጀመራቸውና ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ለነበረባቸው 120 ሰዎች ለግማሹ ቫላሳይክሎቪር የተባለ የቫይረሱ መድኃኒት፣ ለግማሹ መድኃኒት የሌለበት እንክብል ለ78 ሳምንት ተሰጠ። በ2025 የተነገረው ውጤት መድኃኒቱ የሕመሙን ጉዞ እንዳላዘገየ ያሳያል። ይህ ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ጊዜው አልፏል ማለት ይሁን ወይም ቫይረሱ መነሻ አይደለም ማለት ይሁን ሙከራው ራሱ አይመልስም። ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ የሚፈሰው ውኃ እሳቱ በምን እንደ ተነሣ አይናገርምና።

ሦስተኛ፣ በዌልስና በአውስትራሊያ የተመረመረው ሕያው ቫይረስ ያለበት የቀድሞው ክትባት ነው፤ ይህም በአሜሪካ በ2020፣ በብሪታንያም በ2023 በአዲሱ ተተክቷል። በ2024 ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት አዲሱን ክትባት የወሰዱ አሜሪካውያን ቀድሞውን ከወሰዱት ይልቅ የመርሳት ሕመም ዘግይቶ እንደሚታይባቸው ማሳየቱ ተስፋ ይሰጣል፤ ሆኖም ሰዎችን በዕጣ ለይቶ የተደረገ ሙከራን አይተካም። በ2024 የላንሴት መጽሔት ኮሚሽን ለመርሳት ሕመም የሚያጋልጡና ሊለወጡ የሚችሉ 14 ነገሮችን ሲዘረዝር የትምህርት ማነስን፣ የመስማት መቀነስን፣ የደም ግፊትን፣ የስኳር በሽታንና የመሳሰሉትን ጠቅሶ ተላላፊ በሽታን በዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም። ይህም የሚያሳየው ማስረጃው ገና በመንገድ ላይ መሆኑን ነው።

ለኢትዮጵያ የጤና ባለሞያ

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች የመርሳት ሕመም ነበረባቸው፤ ከእነዚህም ከ60 ከመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የሀብታም አገሮች ብቻ አይደለም።

ኢትዮጵያ ክትባት ምን ሊሠራ እንደሚችል ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ፈንጣጣ ከአገሪቱ የጠፋው በ1976 ነው፤ የክትባት ፕሮግራሙም የተቋቋመው በ1980 ነው። ፕሮግራሙ ግን በተፈጥሮው ለሕፃናትና ለእናቶች የቆመ ነው። የአልማዝ ባለጭራ ክትባት በመደበኛው መርሐ ግብር ውስጥ የለም፤ ዋጋውም ከባድ ነው። ኩፍኝ ገና ልጆችን በሚገድልበት አገር ለሽማግሌዎች ውድ ክትባት ይገዛ ማለት ቀላል ክርክር አይደለም። ለሕፃናት በሚሰጠው ቢሲጂ ላይ ተመሥርቶ ስለ ሽማግሌዎች አእምሮ መናገርም ከማስረጃው አልፎ መሄድ ይሆናል፤ በካንሰር ሕሙማን ፊኛ ውስጥ የሚፈሰው መጠንና ለሕፃን ክንድ የሚሰጠው ጠብታ አንድ አይደሉምና።

ይሁን እንጂ ምንም ገንዘብ ሳይጠብቅ ዛሬ ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። ከሁሉ የቀደመው፣ ተላላፊ መነሻ እንዳላቸው የተረጋገጡትን የመርሳት ሕመሞች አለመሳት ነው። ቂጥኝ ዛሬም አለ፤ በጊዜው ከተገኘ በፔኒሲሊን ይታከማል። ኤች አይ ቪም አእምሮን እንደሚያደክም ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል፤ የጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከተስፋፋ ወዲህ ከባዱ ዓይነት በእጅጉ ቀንሷል። በአፍሪካ የሚሠሩ ሐኪሞች አልማዝ ባለጭራ በወጣት ላይ ሲወጣ ኤች አይ ቪን መጠርጠር ከተማሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ያንኑ ጥርጣሬ መርሳት ለጀመራቸው ሰዎችም ማዋል አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የደም ምርመራ ማዘዝና የቀድሞ ታሪክን በትዕግሥት መጠየቅ ይበቃል።

ሁለተኛው መዝገብ ነው። ሆፕ ሲምሰን በትንሽ ከተማ ተቀምጠው ለዓለም የሚተርፍ እውቀት ያገኙት፣ ዌልስም ሳታስበው የታሪክ ምስክር የሆነችው እያንዳንዱ ሕመምተኛ መቼ እንደ ተወለደ፣ ምን እንደ ተከተበ፣ በምን እንደ ታመመ በትክክል ስለ ተጻፈ ነው። የትውልድ ቀን በግምት በሚሞላበትና የሽማግሌ ሕመም «እርጅና» ተብሎ በሚጻፍበት ካርድ ላይ እንዲህ ያለ ምርምር ሊበቅል አይችልም።

ሦስተኛው ለቤተሰብ የሚነገረው ቃል ነው። ክትባት የመርሳት ሕመምን ያድናል ብሎ ተስፋ መሸጥ ከቫግነር ያውሬግ ወባ ያላነሰ አደጋ አለው፤ ሰዎች በወባው የሞቱት ተስፋው ከማስረጃው ስለ ቀደመ ነበር። በአንጻሩ ግን «ጃጅተዋል፤ ምንም አይደረግም» ማለት ደግሞ ከቤይል በፊት ወደ ነበረው ዘመን መመለስ ነው። በሻራንቶን የተኙት ሕሙማንም በዘመናቸው ምንም የማይደረግላቸው ተብለው ነበር። ለእነርሱ መልሱ በመጣ ጊዜ 91 ዓመት ዘግይቶ ነበር፤ ፔኒሲሊን እስኪገኝ ደግሞ ሌላ 30 ዓመት አለፈ። ዛሬ በየቤቱ ጥግ ተቀምጠው የልጆቻቸውን ስም የሚስቱ አባቶችና እናቶች ይህን ያህል ጊዜ የላቸውም። ከባለሞያው የሚጠበቀው ያልተረጋገጠውን እንደ ተረጋገጠ ሳይናገር፣ የተረጋገጠውን ደግሞ ሳይመረምር እንዳያልፍ ነው።